ማስጠንቀቂያውና ግድግዳው፦ የቶርኔዶ መጠለያ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች

ቶርኔዶ ከነጎድጓዳማ ደመና ሥር ወርዶ መሬት የሚነካ፣ በራሱ ዙሪያ በኃይል የሚሽከረከር የነፋስ ዓምድ ነው። ከዓለም አገሮች ሁሉ በብዛት የሚከሠተው በአሜሪካ ሲሆን በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ያህል ይመዘገባል። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከምዕራቡ ደጋ ከሚወርደው ደረቅ አየር ጋር የሚገናኘው በአገሪቱ መካከለኛ ሜዳ ላይ ነው። እርጥቡ አየር ወደ ላይ ሲመነጠቅ በከፍታ የሚነፍሰው ፈጣን ነፋስ ያሽከረክረዋል። ይህ በተለይ የሚበረታው በጸደይ ወራት፣ ከቀትር በኋላና ወደ ማምሻው ነው። በዚሁ ሰዓት ልጆች የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ይማራሉ ወይም ወደ ቤታቸው ለመሄድ ይሰለፋሉ። ስለዚህ የቶርኔዶ አደጋ ታሪክ ሲነገር ትምህርት ቤት ሳይነሣ አይታለፍም።

ሰዎች ከቶርኔዶ ለመዳን መጀመሪያ የተጠለሉት መሬት ውስጥ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ካንሳስ፣ ነብራስካና ኦክላሆማ የገቡ ሰፋሪዎች ከቤታቸው አጠገብ ጉድጓድ ቆፍረው በእንጨትና በአፈር ይከድኑት ነበር። ጉድጓዱ በዘወትር ቀን ድንችና የታሸገ ፍራፍሬ የሚቀመጥበት ጎተራ ነው፤ ሰማዩ ሲጠቁር ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይገባበታል። ይህ ዘዴ ለአንድ ቤተሰብ በቂ ነበር። መቶና ከዚያ በላይ ልጆች በአንድ ጣራ ሥር የሚውሉበት ትምህርት ቤት ግን የሚበዛው ከሸክላ ወይም ከእንጨት የተሠራ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ጣራው ከግድግዳው ጋር የላላ ግንኙነት ያለው ሕንፃ ነበር። ሕንፃው የተሠራው ብርሃንና አየር እንዲያስገባ እንጂ አውሎ ነፋስን እንዲቋቋም አልነበረም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በይፋ የታየው ማርች 18 ቀን 1925 ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን፣ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዕለት ሚዙሪ ላይ የተነሣ ቶርኔዶ ኢሊኖይን አቋርጦ ኢንዲያና ገባ። በሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ 352 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ 695 ሰዎችን ገደለ። በአሜሪካ በአንድ ቶርኔዶ ይህን ያህል ሰው ያለቀበት ጊዜ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የለም። መርፊስቦሮ በተባለችው ከተማ ብቻ 234 ሰዎች ሞቱ። አውሎው ዴ ሶቶ የተባለችውን ትንሽ ከተማ የመታው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ ልጆች ክፍል ውስጥ ሳሉ ነው። እዚያ በነበረው ትምህርት ቤት 33 ሰዎች ሞቱ፤ ይህም ቶርኔዶ በአንድ ትምህርት ቤት ያደረሰው ከሁሉ የከፋ እልቂት ነው። ለመምህራኑም ሆነ ለወላጆቹ አስቀድሞ የደረሳቸው ማስጠንቀቂያ አልነበረም።

ማስጠንቀቂያ ያልነበረው መሣሪያ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። በ1880ዎቹ ጆን ፊንሊ የተባለ የጦር ሠራዊት ባለሙያ ቶርኔዶ የሚነሣባቸውን ሁኔታዎች አጥንቶ መተንበይ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ ኃላፊዎች ሕዝቡ ይሸበራል በሚል ሥጋት ቃሉ ራሱ በትንበያ ውስጥ እንዳይገባ ከለከሉ። ክልከላው እስከ 1938 ድረስ ቆየ። አንድ ትውልድ ተማሪ ሙሉ በሙሉ በዚህ ዝምታ ውስጥ አደገ።

ክልከላው ከተነሣ በኋላም የቀጠለው ዝምታ የተሰበረው በኦክላሆማ ነው። ማርች 20 ቀን 1948 ቶርኔዶ የቲንከር አየር ኃይል ጣቢያን መትቶ ብዙ አውሮፕላኖችን አወደመ። ጣቢያው ውስጥ የሚሠሩት ሜጀር ኧርነስት ፎቡሽና ካፒቴን ሮበርት ሚለር ከዚህ ቀደም ቶርኔዶ የተነሣባቸውን ቀናት የአየር ካርታ አገላብጠው የጋራ ምልክቶችን ለዩ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ማርች 25፣ እነዚያኑ ምልክቶች አይተው ቶርኔዶ ሊመጣ ይችላል ብለው አስጠነቀቁ። በዚያው ምሽት ሁለተኛ ቶርኔዶ ያንኑ ጣቢያ መታ። በተሳካ ሁኔታ የተነገረ የመጀመሪያው ዘመናዊ የቶርኔዶ ትንበያ ይህ ነው። በ1950ዎቹም የመንግሥት የአየር ሁኔታ ቢሮ ለሕዝብ በይፋ ማስጠንቀቅ ጀመረ፤ ራዳርና የከተማ ሳይረንም ተስፋፉ።

ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን የት እንደሚያስገቡ መወሰን ነበረባቸው። ምድር ቤት ያላቸው ወደዚያ ያስወርዱ ነበር። የሌላቸው ደግሞ ልጆቹን ከመስኮት ወደ ራቀው ኮሪደር አውጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ራሳቸውን በእጃቸው እንዲሸፍኑ ያለማምዷቸው ነበር። ይህ ልምምድ እስከ ዛሬ በብዙ ግዛቶች በየዓመቱ ይደረጋል። ከመስታወትና ከሚወረወር ፍርስራሽ በእርግጥ ያድናል፤ ሆኖም ጥቅሙ ኮሪደሩን ከያዘው ግድግዳ ጥንካሬ አያልፍም።

ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ ወይም በተሳሳተ ሰዓት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ኤፕሪል 21 ቀን 1967 በኢሊኖይ ቤልቪዴር ታየ። ቶርኔዶው ወደ ከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የደረሰው ተማሪዎች በአውቶቡስ ተሳፍረው ሊወጡ ሲሉ ነበር። አውቶቡሶቹን እያነሣ ወረወራቸው። በከተማዋ ከሞቱት 24 ሰዎች 13ቱ የሞቱት በትምህርት ቤቱ ነው። አደጋው ከመጣ ልጅን ወደ ቤት ለመላክ መቸኮል እንደማይገባ ከዚያ በኋላ ትምህርት ሆነ።

ኤፕሪል 3 ቀን 1974 ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ 148 ቶርኔዶዎች አሥራ ሦስት ግዛቶችን መቱ። በኦሃዮ ዚኒያ ከተማ የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት የመደበኛ ትምህርት ሰዓት አልቆ ነበር፤ የቀሩት ቲያትር የሚለማመዱ ተማሪዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዲት ተማሪ አውሎው ሲመጣ አይታ አስጠነቀቀች፤ ሁሉም ወደ ኮሪደር ሮጡ። አውሎው ሲያልፍ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ተማሪዎቹ ይለማመዱበት በነበረው መድረክ ላይ ተገኙ። የዚኒያን ፈራርሶ የቀረ ትምህርት ቤት የመረመሩ መሐንዲሶች ዋናውን አደጋ ለይተው አወጡ፤ የስፖርት አዳራሽና የመመገቢያ አዳራሽን የመሳሰሉ ሰፊ ጣራ ያላቸው ክፍሎች በቀላሉ ይደረመሳሉ፣ ጠባብና በመሐል ያሉ ክፍሎች ግን የተሻለ ይቆማሉ። አውሎው ጥቂት ሰዓታት ቀድሞ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ክፍሎቹ በተማሪ የተሞሉ ይሆኑ ነበር።

በዚያው ዘመን ግድግዳውን በተመለከተ ዋናው ጥናት የተጀመረው በቴክሳስ ላቦክ ነው። ሜይ 11 ቀን 1970 ከተማዋን የመታ ቶርኔዶ 26 ሰዎችን ገደለ። በከተማዋ የሚገኘው የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ፍርስራሹን ሲያዩ ቤቱ በሙሉ ሲነሣ አንዳንዴ በመሐሉ ያለ ትንሽ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤት ወይም ዕቃ ማስቀመጫ፣ ቆሞ እንደሚቀር አስተዋሉ። ክፍሉን አጠንክሮ መሥራት ይቻላል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። መጠለያ የግድ ከመሬት በታች መሆን የለበትም፤ የግድግዳው፣ የጣራውና የመሠረቱ መያያዝ ከተጠበቀ ከመሬት በላይም ሰውን ያድናል። ዩኒቨርሲቲው ጣውላ በከፍተኛ ፍጥነት የሚተኩስ መድፍ ሠርቶ ግድግዳና በር ይፈትን ጀመር። በ1998 የፌዴራሉ የአደጋ አስተዳደር ኤጀንሲ በዚሁ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን የአስተማማኝ ክፍል ንድፍ አሳተመ፤ በ2000 ለትምህርት ቤትና ለሌሎች ብዙ ሰው ለሚሰበሰብባቸው ቦታዎች የሚሆን መመሪያ ተከተለው።

በሁለቱ ጽሑፎች መካከል፣ ሜይ 3 ቀን 1999፣ ኦክላሆማና ካንሳስ በብዙ ቶርኔዶዎች ተመቱ። ከኦክላሆማ ሲቲ በስተደቡብ ያለችውን ሙር ከተማን በመሸ ጊዜ ያጠቃው ቶርኔዶ 36 ሰዎችን ገደለ። በተንቀሳቃሽ ራዳር በሰዓት ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ የሚደርስ ፍጥነት ተለካበት። ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፤ የትምህርት ሰዓት ግን አልፎ ነበር። በ2003 ሙር ደግማ ስትመታም ልጆቹ ከክፍል ወጥተው ነበር። ካንሳስ ውስጥ ያለችው ዊቺታ ከ1999 በኋላ በፌዴራል ገንዘብ ታግዛ በትምህርት ቤቶቿ አስተማማኝ ክፍሎች ሠራች። ሙር ውስጥ በነበሩት ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን እንዲህ ያለ ክፍል አልነበረም።

ኮሪደር ብቻ እንደማይበቃ ማርች 1 ቀን 2007 በአላባማ ኢንተርፕራይዝ ከተማ ተረጋገጠ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ተማሪዎቹን በኮሪደር አስጠልሎ ሳለ ግድግዳና ጣራ ተደርምሶ 8 ተማሪዎችን ገደለ። መምህራኑ የተነገራቸውን አድርገው ነበር፤ ያልቻለው ሕንፃው ነው። አላባማ ከጁላይ 2010 ጀምሮ ለሚሠሩ አዳዲስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መጠለያ እንዲኖራቸው በሕግ ደነገገች። በ2011 ሚዙሪ ውስጥ ጆፕሊን ስትመታ የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ፈረሰ፤ ቀኑ እሑድ ስለነበር ግን ሕንፃው ባዶ ነበር። በከተማዋ ከ150 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ሙር ከተማ እንደገና ክፉኛ የተመታችው ሜይ 20 ቀን 2013 ሲሆን ዕለቱ ሰኞ ነበር። የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ40 ላይ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ቶርኔዶው 8 ሰዓት ከ56 ላይ መሬት ነካ፤ ለ39 ደቂቃ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። በሰፋበት ጊዜ ወርዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ነበር፤ የነፋሱም ፍጥነት በሰዓት 340 ኪሎ ሜትር ያህል እንደደረሰ ተገምቷል። በመንገዱ ላይ ብራያርዉድና ፕላዛ ታወርስ የተባሉ ሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ሁለቱም ፈረሱ። በብራያርዉድ የሞተ አልነበረም። በፕላዛ ታወርስ ግን ግድግዳ ተደርምሶ 7 ልጆች ሞቱ፤ በከተማዋ በአውሎው የሞቱት ሰዎች 24 ናቸው። መምህራን ልጆቹን በገዛ አካላቸው ከልለው ብዙዎችን አተረፉ።

ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ጊዜ አንሥቶ ፕላዛ ታወርስ እስኪመታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ነበር። በ1925 በዴ ሶቶ የጠፋው ማስጠንቀቂያ በ2013 በበቂ ጊዜ ደርሷል። የጎደለው የግድግዳው ጥንካሬ ነው፤ ልጆቹ የተጠለሉበት ቦታ ተለይቶ ለአውሎ የተሠራ ቦታ አልነበረም። ሳይንቲስቱና ራዳሩ የድርሻቸውን ሲወጡ ሕንፃው ወደ ኋላ መቅረቱ ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እንደገና ተገንብተው በኦገስት 2014 አስተማማኝ ክፍሎች ይዘው ተከፈቱ። ከተማዋም በዚያው ዓመት ለአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ጠንካራ የግንባታ ደንብ አጸደቀች።

በትምህርት ቤት የሚሠራ አስተማማኝ ክፍል ተለይቶ የሚዘጋ ቤት አይደለም። በዘወትር ቀን የስፖርት አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም የመማሪያ ክፍል ሆኖ ያገለግላል። ግድግዳው ብዙ ጊዜ ፌሮ የገባበት አርማታ ወይም ቀዳዳው በአርማታ የተሞላ ብሎኬት ነው። ፌሮው ከመሠረቱ ተነሥቶ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ጣራውን ይይዛል። ነፋስ የሚፈጥረው ግፊት ከፍጥነቱ ጋር በእኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አውሎው ግድግዳን ይገፋል፣ ጣራን ደግሞ ወደ ላይ ይስባል። ጣራው አንድ ጊዜ ከተነሣ ግድግዳው የሚደግፈው አጥቶ ይወድቃል። የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ከላላ ሌላው አይጠቅምም የሚባለው ስለዚህ ነው።

በጣም አደገኛ በሆነው ክልል የሚሠራ ክፍል በሰዓት 402 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንዲቋቋም ይጠበቃል። ግድግዳውና በሩ የሚፈተኑት 6.8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጣውላ በሰዓት 161 ኪሎ ሜትር ሲተኮስባቸው ሳይበሱ በመቅረታቸው ነው። በሩ የብረት ሲሆን ከአንድ በላይ መቀርቀሪያ አለው። ለአንድ ቆሞ ለሚጠለል ሰው ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ወለል ይመደባል፤ ቶርኔዶ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያልፍ ይህ ስፋት ይበቃል። ክፍሉ ልጆች በጥቂት ደቂቃ ሊደርሱበት ከሚችሉት ርቀት መብለጥ የለበትም።

ከዚህ ዝርዝር አብዛኛው በ2008 በወጣው የመጠለያ ደረጃ ውስጥ ተካቷል። በ2015 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕንፃ ደንብ ደግሞ የቶርኔዶ ሥጋት ከፍተኛ በሆነበት ክልል ለሚሠሩ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ግዴታ እንዲሆን አደረገ። ክልሉ ከቴክሳስ ሰሜን አንሥቶ በመካከለኛው ምዕራብና በደቡብ ግዛቶች ይዘልቃል። በዳላስና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በዚሁ ክልል ነው። ደንቡ ተግባራዊ የሚሆነው ግዛቱ ወይም ከተማው ሲቀበለው ነው። በቀድሞ ጊዜ የተሠሩትን ትምህርት ቤቶች አይመለከትም። ከእነዚህ ውስጥ አስተማማኝ ክፍል የሚጨምር ትምህርት ቤት የፌዴራል ድጋፍ ሲያገኝ እስከ 75 በመቶ ወጪው ይሸፈንለታል፤ ቀሪው ብዙ ጊዜ ነዋሪው በድምፁ በሚያጸድቀው የቦንድ ብድር ይሟላል። ገንዘቡ የማይበቃቸው የገጠርና የድሃ ከተማ ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን እስከ ዛሬ በኮሪደር ያንበረክካሉ። እነዚህ ልጆች ማስጠንቀቂያው ይደርሳቸዋል፤ የሚጠለሉበት ግድግዳ ግን ገና አልተሠራላቸውም።