ምሕረትን የሸሸው ነቢይ

«ተረት ተረት» ብዬ ብጀምር «የላም በረት» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ዛሬ ግን እንደዚያ አልጀምርም። የዮናስን ታሪክ ልጆች ሳለን በሰማነው መንገድ ከተረክነው ዓሣው ከነቢዩ ጋር ታሪኩንም ይውጥብናል። ትንቢተ ዮናስ በጠቅላላው 48 ቁጥር ነው፤ በዕብራይስጡ ዓሣው የሚነሣው በ3ቱ ብቻ ነው። የቀረው ስለ አንድ ሰውና ከአምላኩ ጋር ስለ ገጠመው ሙግት ነው። ሰውየው አምላኩን ስላላወቀ የተሟገተ እንዳይመስላችሁ። ጠባዩን አብጠርጥሮ ያውቃል። የሸሸውም ስላወቀው ነው።

እንግዲህ ስሙኝ።

ዮናስ የአማቴ ልጅ ነው፤ አገሩ ጋትሔፌር፣ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት ስምንተኛው መቶ ዓመት። ስሙን መጀመሪያ የምናገኘው በራሱ መጽሐፍ ሳይሆን በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 14 ላይ ነው። በሰማርያ ኢዮርብዓም የሚባል ንጉሥ ነበረ፤ የኢዮአስ ልጅ፣ ሁለተኛው ኢዮርብዓም። 41 ዓመት ነገሠ። መጽሐፉ ስለ ጠባዩ አያሞካሸውም፤ ክፉ ሰው ነበር ብሎ በአጭሩ ይዘጋዋል። እግዚአብሔር ግን ለዚህ ክፉ ንጉሥ የምሥራች ላከለት። የተወሰደበት ድንበር ከሐማት እስከ ዓረባ ባሕር ድረስ ተመለሰለት። ለምን? ንጉሡ ስለ ተጸጸተ? አልተጸጸተም። ሕዝቡ ማቅ ስለ ለበሰ? አልለበሰም። የእስራኤል መከራ እጅግ መሮ፣ የሚረዳቸውም ጠፍቶ ስላየ አዘነላቸው። ይኸው ነው ምክንያቱ።

ያንን የምሥራች የተናገረው ማን መሰላችሁ? ዮናስ ነው። ያን ጊዜ «ይህ ንጉሥ ምሕረት አይገባውም» ብሎ አልተሟገተም፤ መርከብም አልተሳፈረም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ከዚያ ሁለተኛው መልእክት መጣ። ነነዌ ሂድ፣ ክፋቷ ወደ እኔ ደርሷልና ጩኽባት ተባለ። ነነዌ በምሥራቅ በኩል ናት፣ ከጤግሮስ ወንዝ ዳር፣ ዛሬ ሞሱል ከምትባለው የኢራቅ ከተማ ጋር ፊት ለፊት። ዮናስ ተነሣ፤ የተነሣው ግን ወደ ምዕራብ ነው። ኢዮጴ ወደብ ወረደ፣ ወደ ተርሴስ የሚሄድ መርከብ አገኘ፣ ከኪሱ ከፍሎ ተሳፈረ። ከመርከቡ ሆድ ገብቶም ጥቅልል ብሎ ተኛ።

ማዕበሉ ሲነሣ መርከበኞቹ እያንዳንዳቸው ወደየአምላካቸው ጮኹ። ዕቃውን ወደ ባሕር ወረወሩት። የመርከቡ አለቃ ወርዶ ቢያይ ነቢዩ ያንኮራፋል! ቀስቅሶ «ምን ያስተኛሃል? አንተም አምላክህን ለምን እንጂ» አለው። የእስራኤልን ነቢይ ጸልይ ብሎ የሚገሥጸው ጣዖት አምላኪ ነው። ዕጣ ተጣለ፤ ዕጣው ዮናስ ላይ ወጣ። ማነህ ቢሉት ዕብራዊ መሆኑን፣ ባሕሩንም የብሱንም የፈጠረውን አምላክ እንደሚያመልክ ነገራቸው። እናንተዬ! ባሕርን ከፈጠረ አምላክ በባሕር መሸሽ ምን ይሉታል?

«ወደ ባሕር ጣሉኝ፣ ጸጥ ይልላችኋል» አላቸው። እዚህ ላይ መርከበኞቹን ልብ በሉልኝ። ወዲያው አልጣሉትም። ሀብታቸውን ያስጠፋባቸውን፣ ነፍሳቸውንም ለአደጋ የዳረገውን መንገደኛ ላለመጣል ወደ የብስ ለመድረስ በመቅዘፊያ ታገሉ። አልሆን ሲላቸው ብቻ የንጹሕ ሰው ደም እንዳይሆንባቸው ለምነው ጣሉት። ባሕሩም ዝም አለ። ለአንድ ሰው ነፍስ እነርሱ ይህን ያህል ሲራሩ፣ ዮናስ ለአንድ ከተማ ሙሉ ሕዝብ አልራራም።

ዓሣው ዋጠው፣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በሆዱ ቆየ፣ ጸለየ፣ ተተፋ። ዓሣውን እዚህ ላይ እናሰናብተው።

አሁን ነነዌ እንግባ። ዮናስን ያለ ምክንያት እንዳትፈርዱበት ነነዌ ምን እንደ ነበረች ማወቅ አለባችሁ። ነነዌ የአሦር ናት፤ አሦር ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ሰማርያን ያጠፋና አሥሩን ነገድ ያፈለሰ መንግሥት ነው። በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ከነነዌ ቤተ መንግሥት ተቆፍረው የወጡ የድንጋይ ቅርጾች አሉ። ንጉሡ ሰናክሬም በ701 የይሁዳን ከተማ ለኪሶን እንዴት እንደ ያዘ ያሳያሉ። በአንደኛው ሰዎች በሹል እንጨት ላይ ተሰክተዋል። በሌላው ምርኮኞች መሬት ላይ ተዘርግተው ቆዳቸው ይገፈፋል። ወረድ ብሎ በሬ የሚጎትተው ጋሪ አለ፤ ከጓዙ ላይ ሴቶችና ሕፃናት ተቀምጠዋል። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ያያል። የሰናክሬም ዘመን ከዮናስ በኋላ ነው፤ ነገር ግን የዮናስ መጽሐፍ ሲነበብ ለሚሰሙት አይሁድ «ነነዌ» ሲባል ፊታቸው ላይ የሚመጣው ይኸው ነበር። ንጉሡም ይህን የሚያፍርበት ነገር አላደረገውም፤ እንግዳ እንዲያየው በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ አስቀረጸው።

ዮናስ ገባ። ከተማይቱ የሦስት ቀን መንገድ ናት፤ እሱ የሄደው የአንድ ቀን ነው። ስብከቱ በዕብራይስጥ አምስት ቃል ናት፤ አርባ ቀን ቀርቷችኋል፣ ትገለበጣላችሁ፣ አለቀ። «ብትመለሱ» የሚል የለበትም። የአምላኩን ስም እንኳ አልጠራላቸውም። በዓለም ላይ ከዚህ የቀዘቀዘ ስብከት የሰበከ ነቢይ ካለ ንገሩኝ።

ነነዌ ግን ሰማች። ንጉሡ ከዙፋኑ ወረደ፣ ካባውን አውልቆ ማቅ ለበሰ፣ አመድ ላይ ተቀመጠ። ሰውም ከብትም እህል ውኃ እንዳይቀምስ አወጀ፤ እንስሳቱም ማቅ ለበሱ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይሉ የለ? ዐዋጁ ግን ለቅሶ ብቻ አላዘዘም። ሁሉም ከክፉ መንገዱ፣ በእጁም ካለው ግፍ ይመለስ አለ። እግዚአብሔርም ያየው ሥራቸውን መሆኑን መጽሐፉ ለይቶ ይናገራል። ከክፋታቸው መመለሳቸውን አየና ሊያመጣ ያሰበውን ጥፋት ተወው።

ይህ ጾም ለእኛ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ የነነዌ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰኞ ተይዞ ረቡዕ ያልቃል። የአሦር ሰዎች ንስሐ በአበሻ አገር ሲጾም ይኖራል።

ተረኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ከተማው ዳነ፣ ነቢዩ ተሳካለት። ግን የታሪኩ ልብ ገና አሁን ነው የሚመታው። ዮናስ ተናደደ! «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እንደሚባለው የፈራው ደረሰበት። ወደ እግዚአብሔር ጸለየ፤ ጸሎቱ ግን ክስ ነው። እንዲህ እንደምታደርግ አገሬ ሳለሁ ተናግሬ ነበር፣ የሸሸሁትም ለዚሁ ነው አለ። እንደምትራራ፣ ለቁጣ እንደማትቸኩል፣ ቸርነትህ እንደማያልቅ፣ ካሰብኸው ጥፋት እንደምትመለስ አውቅ ነበር፤ አሁንስ ግደለኝ አለ። ሌላው ሰው ለምስጋና የሚደረድረውን የአምላክ ጠባይ፣ ዮናስ ለወቀሳ ደረደረው።

ዝርዝሩን ከየት አመጣው? ከሲና ተራራ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 34 እስራኤል ለወርቅ ጥጃ ከሰገደ፣ ሙሴም ጽላቱን ከሰበረ በኋላ፣ እግዚአብሔር በሙሴ ፊት አልፎ ማንነቱን ራሱ የተናገረበት ቦታ አለ። በዕብራውያን መጻሕፍት ስለ አምላክ ጠባይ ከዚህ በላይ ደጋግሞ የተነሣ ንግግር ብዙ የለም። ያ ንግግር ሁለት ወገን አለው። አንዱ መራራቱ፣ መታገሡ፣ ቸርነቱን ለሺዎች መጠበቁ ነው። ሌላው በደለኛውን እንዲሁ አለመተዉ፣ የአባቶችን ጥፋት እስከ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ መቁጠሩ ነው። መጠኑን መዝኑት፤ ቅጣት በሦስትና በአራት፣ ቸርነት በሺህ።

ዮናስ ሲጠቅሰው ሁለተኛውን ወገን ቆረጠው። ቅጣቱ የት አለ? ለእኛ ሲሆን ትቀጣለህ፣ ለጠላታችን ሲሆን ትምራለህ ማለቱ ነበር። እስኪ አሁን ያዙልኝ ያልኋችሁን አምጡ። ክፉው ኢዮርብዓም ያለ ንስሐ ሲማር ዮናስ የምሥራች ነጋሪ ነበር። ነነዌ ማቅ ለብሳ ስትማር ግን «ሞቴ ይሻለኛል» አለ። ምሕረትን የሚጠላ ሰው አልነበረም። ምሕረት ድንበር እንድትጠብቅለት ፈለገ።

እግዚአብሔር ምን አደረገ? ማዕበል አላመጣም፣ አልተቆጣም። ጠየቀው፤ መቆጣትህ ተገቢ ነው? አለው። ዮናስ መልስ ሳይሰጥ ወጣ። ከከተማው በስተ ምሥራቅ ዳስ ሠራ፣ ምናልባት ትጠፋ ይሆናል ብሎ ተቀምጦ ይጠብቅ ጀመር። እግዚአብሔር ቅል አበቀለለት፤ ጥላ ሆነችው። በመጽሐፉ ውስጥ ዮናስ ደስ አለው የተባለው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ በቅል! በማግስቱ ሲነጋ ትል መጣና ቅሊቱን መታት፣ ደረቀች። ፀሐይ ወጣ፤ ከምሥራቅ ትኩስ ነፋስ ነፈሰ፤ ነቢዩ ራሱን ሳተ። አሁንም ሞት ለመነ።

ያን ጊዜ የመጨረሻው ጥያቄ መጣ። አልደከምህባትም፣ አላሳደግሃትም፣ በአንድ ሌሊት በቅላ በአንድ ሌሊት ጠፋች፤ ለእሷ አዘንህ። እኔስ ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120 ሺህ በላይ ሰዎች፣ ብዙም እንስሳት ላሉባት ለዚያች ትልቅ ከተማ አላዝን? መጽሐፉ እዚህ ላይ ያልቃል። ዮናስ ምን እንደ መለሰ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ የተቆረጠው ወገንስ ወዴት ገባ የሚል አይጠፋም። ትንቢተ ናሆምን ያንብብ። የናሆም ትንቢት ስለዚያችው ነነዌ ነው። እሱም ከሲናው ንግግር ይጠቅሳል፤ እግዚአብሔር ለቁጣ አይቸኩልም ይልና፣ በደለኛውን ግን አይተውም ብሎ ዮናስ የቆረጠውን ይቀጥላል። ነነዌ ወደ ግፏ ተመልሳ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ባቢሎንና ሜዶን አጠፏት። «የእግዜር ፍርድ ይዘገያል እንጂ አይቀርም» ማለት ይኸው ነው። ሁለቱም መጻሕፍት በጥያቄ ይዘጋሉ። ዮናስ «አላዝንላትምን?» በሚለው፤ ናሆምም ለአሦር ንጉሥ ያልተቋረጠ ክፋትህ ያልደረሰበት ማን አለ? በሚለው። ሁለቱን ጥያቄዎች አጣምሮ ያልያዘ፣ የዕብራውያን መጻሕፍት የሚናገሩለትን አምላክ በግማሹ ነው የያዘው። ከነነዌ ፍርስራሽ ካሉት ሁለት ኮረብታዎች አንዱ ዛሬም በዮናስ ስም ይጠራል፤ ጥፋቷን ተቀምጦ በጠበቀው ሰው ስም።

አይሁድ ይህን መጽሐፍ የሚያነቡበትን ቀን ስትሰሙ ትገረማላችሁ። በዓመቱ ታላቅ ጾም፣ በስርየት ቀን በዮም ኪፑር፣ ከሰዓት በኋላ በምኩራብ ይነበባል። ከእሱ ቀጥሎ እግዚአብሔር ኃጢአትን ወደ ባሕር ጥልቅ እንደሚጥል የሚናገረው የትንቢተ ሚክያስ መዝጊያ ይነበባል። ለራሱ ምሕረት ሊለምን የቆመ ሕዝብ፣ የጠላቱ ከተማ የተማረበትን ታሪክ ይሰማል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። መጽሐፉ ስለ እግዚአብሔር የሚያስተምረው ትልቁ ነገር ነነዌን መማሩ ብቻ አይደለም፤ በምሕረቱ የተቀየመውን ዮናስንም ተቀምጦ ማባበሉ ነው። ለግፈኛ ታገሠ፣ ለኩርፈኛም ታገሠ። እናንተም በመጪው የነነዌ ጾም ሰኞ ቤተ ክርስቲያን ስትቆሙ ለራሳችሁ ብቻ አትለምኑ። «እሱንስ ባይምረው» የምትሉት አንድ ሰው ይኖራል፤ ስሙን በጸሎታችሁ ጥሩት። ግፉን ይተው ዘንድ ለምኑለት፤ ሲተውም አትቀየሙ።