እናትና ልጅ በአንድ ወገን፦ ዕድሜ በፒክልቦል ታሪክ



ዕድሜያቸው የተራራቀ ተጫዋቾች ተጣምረው ሲወዳደሩ ስናይ፣ ነገሩን እንደ አዲስ ክስተት፣ አንዳንዴም ለአረጋውያን እንደሚደረግ ውለታ እንቆጥረዋለን። በፒክልቦል ታሪክ ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። በዚህ ጨዋታ የዕድሜ ቅይጥ መነሻ ነበር፤ በዕድሜ መከፋፈል ግን ኋላ የመጣ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ፣ ፒክልቦል ቀዳዳዎች ባሉት የፕላስቲክ ኳስና በጠፍጣፋ ራኬት፣ የባድሜንተን ሜዳ በሚያክል ስፍራ፣ በአብዛኛው ሁለት ለሁለት የሚካሄድ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 በጋ፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በቤይንብሪጅ ደሴት ነው። ኋላ የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሆነው ጆኤል ፕሪቻርድ ከወዳጁ ከቢል ቤል ጋር ከጎልፍ ሲመለስ ቤተሰቡን ሥራ ፈትቶ፣ ተሰላችቶ አገኘው። በጓሮው አሮጌ የባድሜንተን ሜዳ ቢኖርም የመጫወቻው ዕቃ አልተሟላም። ስለዚህ በጠረጴዛ ቴኒስ ራኬትና በፕላስቲክ ኳስ ጀመሩ፤ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የነበረውንም መረብ ወደ 91 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረጉት። ባርኒ ማክካለም ሲጨመር ሦስቱ ሆነው ደንብ አወጡ። የፈለጉት ቤተሰብ በሙሉ አብሮ የሚጫወተው ጨዋታ ነበር።

ለእኔ ዋናው የታሪክ ሰነድ ደንቡ ራሱ ነው። ከመረቡ ወዲህና ወዲያ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚዘልቅ ክልል አለ፤ ተጫዋቾች «ኩሽና» ይሉታል። በዚያ ቆሞ፣ መሬት ያልነካ ኳስ መምታት ክልክል ነው። የመክፈቻው ኳስና የእርሱ መልስም አስቀድመው መሬት ሊነኩ ግድ ነው። በዚህም የተነሣ ረጅሙና ጉልበተኛው መረብ ሥር ተገትሮ ኳስ ሊቀጠቅጥ አይችልም፤ ትዕግሥትና ማነጣጠርም ከፍጥነት ጋር መፎካከር ይችላሉ። ደንቦቹ ዕድሜ የሚል ቃል ሳያነሡ የዕድሜን ልዩነት ያጠብባሉ።

የመጀመሪያው የታወቀ ውድድር በ1976 በዚያው ክፍለ ግዛት በተክዊላ ከተማ ተካሄደ። በነጠላ ውድድር ሁለተኛ የወጣው የስቲቭ ፓራንቶ አባት አርለን፣ የቦይንግ መሐንዲስ፣ በ1984 ለአውሮፕላን ወለል ከሚውል ቁስ አዲስ ዓይነት ራኬት ሠራ። (የዚህ ስፖርት ታሪክ በየምዕራፉ ወደ ቤተሰብ መመለሱ ያስገርመኛል።)

ውድድሩ እየተደራጀ ሲሄድ የዕድሜ ምድብ መጣ፤ ጥንዱም የሚመደበው በታናሹ ዕድሜ ሆነ። የስድሳ ዓመቱ ሰው ከሠላሳ ዓመት ወጣት ጋር ቢጣመር የሚገጥመው ወጣቶችን ነው። ታላቁ ወደ ታናሹ ምድብ ይወርዳል እንጂ ታናሹ ወደ ታላቁ አይወጣም። አሠራሩ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም በጓሮው ጨዋታ እንደ ተራ ነገር ይታይ የነበረው ጥምረት፣ ከዚህ በኋላ አስበውበት የሚገቡበት ፈተና ሆነ። ኳሱን ለሁለቱ ተጋጣሚዎች እኩል አካፍሉ የሚል ደንብም የለም፤ ብልህ ተጫዋች ደጋግሞ የሚመታው ወደ ደካማው ነው።

ደካማው ማን ነው? ታላቁ ነው ብሎ መገመት ልማድ ነው። የዋተርስ ቤተሰብ ታሪክ ግን ይህን ግምት ያናጋዋል። በ2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ከፍሎሪዳ ሲያፈናቅላቸው፣ ፔንሲልቬንያ የሚኖሩት አያት ጨዋታውን ለልጃቸውና ለልጅ ልጃቸው አስተዋወቁ። አና ሊ ዋተርስ በ2019፣ በ12 ዓመቷ ፕሮፌሽናል ሆነች፤ በጥንድ ውድድርም ከእናቷ ከሊ ጋር ተሰለፈች። እናቲቱ በኮሌጅ ቴኒስ የተጫወተች ናት። በዚህ ጥንድ ውስጥ ልምዱ የታላቂቱ፣ የአካል አለመጎልመሱ የታናሺቱ ነበር፤ ተጋጣሚም ኳሱን ወደ ማን እንደሚልክ አስቦ መወሰን ነበረበት።

ልጂቱ ከዚያ በኋላ የዓለም አንደኛ ሆናለች። ዛሬ የምትጣመረው ከሌሎች ጋር ሲሆን እናቷ አሠልጣኟ ናት። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።