«03-04» የመቼ ነው?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ «03-04» ተብሎ የተሰየመ የዳታቤዝ ባክአፕ የመቼ ነው? አሜሪካዊው ማርች 4 ይላል፣ እንግሊዛዊው ኤፕሪል 3፤ እኛ ደግሞ ታኅሣሥ 3። ዳታቤዙ የተበላሸ ዕለት ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም።

ጣጣው ቆየት ያለ ነው። በ1981 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዶስ ለፋይል ስም የሚፈቅደው 8 ፊደል፣ ከነጥብ በኋላ ደግሞ 3 ብቻ ነበር። ዓመት፣ ወርና ቀን 8ቱን ከሞሉት የዳታቤዙ ስም የት ይግባ? ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ስሙ እስከ 255 ፊደል ሰፋ። ቀኑ ግን አልተቃናም።

በ2005 ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስን በነፃ ሲለቅ ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምረውን «ኤጀንት» አላካተተበትም (ነፃ ነገር መቼ ሙሉ ሆኖ ያውቃል!)። ስለዚህ ባክአፑን ማታ ማታ የሚያስነሳ ባች ፋይል መጻፍ ግድ ሆነ። ባች ፋይሉ ቀኑን የሚያገኘው ኮምፒውተሩ ላይ ከተመረጠው አገር አጻጻፍ ነው። በአሜሪካ አጻጻፍ የዕለቱ ስም ይቀድምና ወር፣ ቀን፣ ዓመት ይከተላሉ፤ በመካከላቸውም ለፋይል ስም የተከለከለችው «/» አለች። ጸሐፊው «10 ፊደል ዝለል፣ 4 ውሰድ» ብሎ ዓመቱን ይቆርጣል። ያው ስክሪፕት የእንግሊዝ አጻጻፍ ወዳለበት ማሽን ሲሄድ ግን ዓመቱ ባዶ ይሆናል፤ ማርች ወር ከሆነም በወሩ ቦታ «3/» ይወጣል። ባክአፑ ሳይሠራ ያድራል፣ ማንም አያውቅም።

ሰዓቱም የራሱ ተንኮል አለው። ከሌሊቱ 6 እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ ማለትም ባክአፕ በሚሠራበት ሰዓት፣ ከቁጥሩ በፊት ባዶ ቦታ ይገባል።

መፍትሔው ቀድሞም ነበረ። በ1988 የወጣው አይኤስኦ 8601 ዓመትን፣ ከዚያ ወርን፣ ከዚያ ቀንን ያስቀድማል፤ ፋይሎች በስም ሲደረደሩ በዘመንም ይደረደራሉ። በ2006 የመጣው ፓወርሼል ይህን በአንድ መስመር ይሰጣል። ዊሚክ የሚባለውን የድሮ ትእዛዝ ለዚሁ የምትጠቀሙ ካላችሁ ግን ተዉት፤ ማይክሮሶፍት በ2021 ጡረታ እንደሚያስወጣው አስታውቋል።

የእኛ ነገር ግን ይለያል። ሚሌኒየማችንን ያከበርነው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። በዚያ ዕለት አንዱ በእጁ «2000-01-01» ብሎ የሰየመው ባክአፕ፣ ኮምፒውተሩ በዋዜማው «2007-09-11» ካለው ፊት ይሰለፋል። ዲስክ ሲሞላ በስም ተራ ከላይ ጀምሮ አሮጌውን የሚሰርዝ ስክሪፕት ካለ፣ መጀመሪያ የሚሰርዘው አዲሱን ነው።