ስንት ደረጃ ይበቃናል? የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አከፋፈል ከሳሪስ አቦ ሲታይ

ከሳሪስ አቦ በደብረ ዘይት መንገድ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ቃሊቲን አልፎ አቃቂ ይደርሳል። በ1927 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአጭር ሞገድ ጣቢያ የቆመው በዚያ ነበር። የፋሺስት ወረራ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካ አድማጮች የተናገሩት በእርሱ በኩል ነው፤ አዲስ አበባ የከተሙ የውጭ ጋዜጠኞችም ወሬያቸውን ወደየአገራቸው የላኩት በዚሁ ጣቢያ ነው። አካባቢው ከሬዲዮ ጋር ያለው ትውውቅ እንዲህ የቆየ ቢሆንም፣ ሞገድ ከመንግሥት እጅ አልፎ ተራው ዜጋ እጅ የገባበት ጊዜ በአገራችን አጭርና የተቆራረጠ ነው።

አማተር ሬዲዮ ሲባል ዜናና ሙዚቃ የሚያሰራጭ ጣቢያ ማለት አይደለም። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ እንደሚለው፣ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ራሱን ለማስተማር፣ ከመሰሎቹ ጋር ለመገናኘትና ለቴክኒክ ምርምር፣ ያለ ምንም የገንዘብ ጥቅም የሚሠራበት አገልግሎት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ የኅብረቱ አባል ናት። በንጉሡ ዘመን አስመራ በነበረው የቃኘው የጦር ሰፈር የሚኖሩ አሜሪካውያን ወታደሮች በትርፍ ጊዜያቸው የኢትዮጵያን መለያ ጥሪ ይዘው ከዓለም ጋር ይነጋገሩ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ይህ እንቅስቃሴ ተዳፈነ። ዛሬ አገሪቱ በአማተር ሞገዶች ላይ በዋናነት የምትሰማው አምስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ፣ በኢቲ3ኤኤ አማካይነት ነው። የክበብ ጣቢያ ትልቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው ተመርቆ ሳሪስ ወይም ገላን ቤት ሲከራይ ጣቢያውን ይዞ አይሄድም። ከዚያ በኋላ በሞገዱ ላይ የሚያቆየው የራሱ የግል ፈቃድ ብቻ ነው።

የፈቃድ ደረጃዎች ብዛት ጉዳይ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ደረጃ ይብቃ? ወይስ ሦስት፣ አራት ይሁን? የእኔ አቋም ሁለት የሚል ነው። ምክንያቶቼም ከሌሎች አገሮች ልማድ ይልቅ ከዚህ ከተማ ሁኔታ የሚነሱ ናቸው።

ደረጃ ምን ይለካል?

ለዚህ አካባቢ ነዋሪ የደረጃ ነገር አዲስ አይደለም። ቃሊቲ የአሽከርካሪዎች ማሰልጠኛ ስሙ የታወቀ ነው። አውቶሞቢል፣ ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ እየተባለ መንጃ ፈቃድ የሚለያየው አሽከርካሪው በሌላው ሰው ላይ ሊያደርስ በሚችለው ጉዳት ልክ ነው። ነዳጅ የጫነ ቦቴ የሚነዳው ሰው ከባለ አውቶሞቢሉ የበለጠ የተከበረ ስለሆነ አይደለም ፈቃዱ የተለየው። የሬዲዮ ፈቃድም በዚሁ መርህ ሊቃኝ ይገባዋል። ጉዳቱ የሚለካው በማሰራጫው ኃይል፣ በሚደርስበት ርቀትና ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር በሚፈጥረው መጠላለፍ ነው።

የብዙ አገሮች አከፋፈል ግን በዚህ መርህ አልተሠራም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1951 ደረጃዎቿን ስድስት አደረሰች። መሰላሉ በአመዛኙ የቆመው በሞርስ ፍጥነት ላይ ነበር፤ በደቂቃ 5 ቃል፣ ከዚያ 13፣ ከዚያ 20። እ.ኤ.አ. በ1968 የላይኞቹ ደረጃዎች ብቻ የሚጠቀሙባቸው የሞገድ ክፍሎች ሲከለሉ፣ ለዓመታት ሲሠሩባቸው የኖሩ ሰዎች ተከለከሉ፤ የተፈጠረው ቅሬታም ለአሥርት ዓመታት አልበረደም። እ.ኤ.አ. በ2003 ጄኔቭ ላይ የተደረገው የዓለም የሬዲዮኮሙኒኬሽን ጉባኤ የሞርስ ፈተናን ግዴታነት አንስቶ ውሳኔውን ለየአገሩ ተወ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2000 ለአዲስ አመልካቾች ደረጃዎቹን ወደ ሦስት ዝቅ አድርጋ፣ በ2007 ሞርስን ጨርሳ አስቀረች። መሰላሉ የተሠራበት ምክንያት ጠፍቶ መሰላሉ ብቻ የቀረበት አገር ብዙ ነው። ከባዶ የምንጀምር እኛ እርሱን የምንወርስበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚህ ሌላ ለሁለት ደረጃ የሚመሰክር ጠንካራ ማስረጃ አለ። አውሮፓውያን የአማተሮችን ፈቃድ እርስ በርስ የሚቀባበሉበት ሥርዓት የሚያውቀው ሁለት ሣጥን ብቻ ነው፤ ሙሉና ጀማሪ። በሥርዓቱ ከአውሮፓ ውጭ ያሉ አገሮችም፣ ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ፣ ይሳተፋሉ። የአሜሪካ ሦስት ደረጃዎች ወደዚያ ሲሻገሩ ከፍተኛው ሙሉ፣ መካከለኛው ጀማሪ ይሆናል፤ ዝቅተኛው ግን ምንም ቦታ የለውም። አሜሪካ ሆነው ፈቃድ ያወጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለእረፍት ሲመጡ ሬዲዮአቸውን ይዘው እንዲሠሩ ከፈለግን፣ የእኛ ተማሪዎችም ወደ ውጭ ሲሄዱ ፈቃዳቸው እንዲታወቅላቸው ከፈለግን፣ ከሁለቱ ሣጥኖች ጋር የሚገጥም ፈቃድ ማዘጋጀት የራሳችን ጥቅም ነው።

ጀማሪው የት ይሥራ?

ይህ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ የዝቅተኛው ደረጃ ባለፈቃድ በአብዛኛው የሚሠራው ከ30 ሜጋኸርዝ በላይ ነው። በዚያ አገር ይህ ያስኬዳል፤ በየተራራውና በየሕንፃው አናት ላይ የአማተር ተቀባይ አስተላላፊዎች ተተክለዋልና የእጅ ሬዲዮ የያዘ ጀማሪ የሚያነጋግረው አያጣም። እንዲህ ያለ መረብ ባልተዘረጋበት አዲስ አበባ ግን ለጀማሪው ከ30 ሜጋኸርዝ በላይ ብቻ መፍቀድ፣ ፈቃድ ሰጥቶ አነጋጋሪ እንደ መንፈግ ነው።

ስለዚህ የጀማሪው ደረጃ 7 ሜጋኸርዝን ማካተት አለበት። ለዚህ ሞገድ 20 ሜትር ያህል ሽቦ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ መዘርጋት ይበቃል። ሞገዱ ሽቅብ ወጥቶ ከአዮኖስፌር ተመልሶ ሲወርድ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን አገር ይሸፍናል፤ ተራራም ሆነ ሸለቆ አያግደውም። ምቹ በሆነ ቀን ከሳሪስ አቦ ባሕር ዳርን፣ ድሬዳዋን፣ ጅማን በ25 ዋት ማነጋገር ይቻላል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በጎፋ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት፣ ከዚያም በፈንታሌ አካባቢ ሕዝብ ያፈናቀለውንና እዚህ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማውን የመሬት መንቀጥቀጥ ያየ አገር ያለ ማማና ያለ ኬብል የሚሠራ መገናኛ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብም አገሮች አማተሮቻቸውን ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት እንዲያዘጋጁ ያበረታታል።

ሁለተኛው የጀማሪ መስክ ሳተላይት ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 የመጠቀችው የኳታሯ ኢስሃይል 2 ከመሬት ጋር እኩል በምትዞርበት ምሕዋር ላይ ሆና የአማተር መሣሪያ የተሸከመች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ናት። ያለችው በ25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ከአዲስ አበባ ስትታይ ከአድማስ 70 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ፣ ከአናታችን ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። ጣሪያዎቻችን ወደ ናይልሳትና ወደ ኢትዮሳት ባዞሩ ሳህኖች የተሞሉ ናቸው፤ ሳህን መትከልና ማስተካከል የሚችል ወጣት በየሰፈሩ አለ። ጥቂት ዋት ኃይልና አንድ ሳህን ያለው የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ በዚያች ሳተላይት በኩል ከአውሮፓና ከመላው አፍሪካ ጋር ይነጋገራል። ኪሎ ዋት የሚተፋ ማሰራጫ ግን በጋራ ሕንፃ ላይ ለጎረቤት ጤናም ለጎረቤት ቴሌቪዥንም ችግር ነው። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ደግሞ የባቡሩ የ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክና የፋብሪካዎቹ ሞተሮች አየሩን ቀድመው ስለሚያውኩት፣ ኃይል ማብዛት የተቀባዩን ችግር አይፈታም። ትልቁን ኃይል ለሁለተኛው፣ ለሙሉው ደረጃ መተው ትክክል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መሥራትና መጠገንስ? አንዳንድ አገሮች ጀማሪው በፋብሪካ የተሠራ መሣሪያ ብቻ እንዲጠቀም አድርገው ነበር። የውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ጀማሪውን ከበሩ መመለስ ነው። ካውያ የለመደ እጅ ያላቸው ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኞች በየመንገዱ ዳር ባሉበት አገር ለጀማሪው በተወሰነው ኃይል ውስጥ የራሱን ማሰራጫ እንዲሠራ መፍቀድና የሠራውን በክበብ ጣቢያ እንዲያስለካ ማድረግ ይሻላል።

ፈቃዱና ጉምሩኩ

ስለ ደረጃ የሚደረግ ክርክር ሁሉ ከንቱ የሚሆንበት አንድ ቦታ ቢኖር ቃሊቲ ጉምሩክ ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማስገባትና መያዝ በጽኑ እስራት ያስቀጣል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ደግሞ የስፔክትረም አስተዳደርን ለዚሁ ተቋም ሰጥቷል። ዲክላራሲዮን የሚያይ መኮንን ፊት የቀረበ ሰው ፈቃዱ ስለ መሣሪያው ምንም የማይናገር ከሆነ፣ ፈተና ማለፉ ሣጥኑን አያስለቅቅለትም። ስለዚህ ደረጃው በወረቀቱ ላይ በግልጽ ቋንቋ የሚፈቅደውን የኃይል መጠንና የሞገድ ክልል መያዝ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃም የሚገቡ የመሣሪያ ዓይነቶች ዝርዝር አስቀድሞ መጽደቅ አለበት። ሁለት ደረጃ ሁለት ዝርዝር ነው፤ አንድ መኮንን በአንድ ከሰዓት ይማረዋል። አምስት ደረጃ ቢሆን መኮንኑ ሲጠራጠር ሁሉንም ያግዳል፤ አልፈርድበትም።

የጸጥታ ሥጋት የሚያነሱ ሰዎች አሉ፤ ሥጋታቸው መደመጥ ያለበት ነው። ይሁንና አማተር በመለያ ጥሪው ራሱን እየገለጸ ይሠራል፣ መልእክቱን ትርጉሙ እንዲሰወር አድርጎ መመስጠርም በዓለም አቀፉ ደንብ የተከለከለ ነው። ማንም ሊያዳምጠው የሚችል፣ ስሙና አድራሻው በባለሥልጣኑ መዝገብ ያለ ሰው ከማይታወቀው ይልቅ ለመንግሥት ይመቻል። ይህን ሰው ከፍ ባለ የፈተና ግንብ ማባረር ጸጥታን አይጨምርም።

በአቋሜ ላይ ሊነሣ የሚችለው ጠንካራ ተቃውሞ ከጀርመን የሚመጣ ነው። ጀርመን ሁለት ደረጃ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ሦስተኛ፣ ከሁለቱም የቀለለ የመግቢያ ደረጃ ጨመረች። የጀርመን ታሪክ ለእኔ የሚያሳየው ሁለት ማነሱን ሳይሆን የታችኛው ፈተና ለጀማሪ መክበዱን ነው። በአንጻሩ የጃፓን አራተኛ ደረጃ፣ በአጭር ሞገድ 10 ዋት ብቻ የሚፈቅደው፣ እጅግ ቀላል ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የጃፓን ጣቢያዎች ቁጥር ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ስለዚህ የእኛ ጀማሪ ፈተና አጭርና ሊታለፍ የሚችል ይሁን፤ ጥያቄዎቹ አስቀድመው ይታተሙ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጁ፤ ከሸገር ከተማ ጋር የተጎራበተ ሰፈር ሁለቱንም ይፈልጋል። አሜሪካውያን 35 ጥያቄ አቅርበው 26 የመለሰውን ያሳልፋሉ፤ የጥያቄዎቹ ቋትም ለሁሉም ክፍት ነው። ሙሉው ደረጃ ግን ከባድ ቢሆን አይጎዳም፤ የማሰራጫ ንድፍ፣ የመጠላለፍ ምርመራና የሞገድ ጉዞ ይጠየቅበት። አገራችን የምድር መግነጢስ ወገብ የሚያልፍባት በመሆኗ የሞገድ ጉዞ ጥያቄ እዚህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ መግነጢሱን ሲለካ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚቀረው የፈታኝ ጉዳይ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፈተናውን ለበጎ ፈቃደኛ አማተሮች ሰጥታለች፤ አንድ ፈተና ቢያንስ ሦስት ፈታኝ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ሙሉ ፈቃድ ያለው ሰው ሳይበዛ ፈታኝ አይገኝም፤ ፈታኝ ሳይኖር ደግሞ ሙሉ ፈቃድ አይሰጥም። ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ባለሥልጣኑ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ፈታኞችን ከአምስት ኪሎው ማኅበር፣ ቂሊንጦ ካለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና በውጭ ሙሉ ፈቃድ ካላቸው ኢትዮጵያውያን መርጦ በራሱ ፊት ሊፈትናቸው ይችላል። ያለፉት በቂሊንጦ የመጀመሪያውን የጀማሪ ፈተና ይሰጣሉ፤ ሁለቱ ዓመታት ሲያበቁም የባለሥልጣኑ ሰው በየፈተናው መገኘቱ ቀርቶ ውጤቱን መመርመር ብቻ ይበቃዋል።