ከመዳብ የተሠራው ኻዲም

በመድረሳ ያለፈ ሰው «ጀዘሪ» የሚለውን ስም ሲሰማ ቀድሞ የሚታወሰው የተጅዊዱ ሊቅ ኢብኑል ጀዘሪ ነው። የሐርፎችን መውጫ ለልጆች የምናስቀራበትን ግጥም ያዘጋጁት እኚህ ዓሊም በ833 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1429) ወደ አኺራ የሄዱ ናቸው። ዛሬ የምናወሳው ግን ከእርሳቸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የኖረውን ሌላውን ጀዘሪ ነው። ሙሉ ስሙ በዲዑ ዘማን አቡል ዒዝ ኢስማዒል ኢብኑ ረዛዝ አል-ጀዘሪ ይባላል። የእርሱ መጠሪያ የመጣው በዲጅላና በፉራት (ጤግሮስና ኤፍራጥስ) ወንዞች መካከል ከሚገኘው አል-ጀዚራ ከሚባለው ምድር ነው። ይህኛው ጀዘሪ ኪታብ ጽፏል፣ ነገር ግን ከሁሉ በላይ የእጅ ባለሙያ ነበር፤ መዳብ ይቀጠቅጣል፣ እንጨት ይጠርባል፣ ውኃ ይመራል። ሰው የሚመስል፣ ውኃ የሚያስታጥብ አሽከርም ሠርቷል።

ይህ ሰው ዛሬ ዲያርባክር በምትባለው፣ በዚያን ጊዜ አሚድ ትባል በነበረችው ከተማ የአርቱቅ ሥርወ መንግሥት ነገሥታትን ያገለግል ነበር። አገልግሎቱን የጀመረው በ570 ዓመተ ሒጅራ ሲሆን በመጀመሪያ አባትየውን፣ ቀጥሎም ሁለቱን ልጆች በተራ አገልግሏል። ከልጆቹ ሁለተኛው ንጉሥ ሷሊሕ ናሲሩዲን መሕሙድ፣ የፈጠርከው ሁሉ ካንተ ጋር እንዳይጠፋ ጻፈው ብሎ አዘዘው። እርሱም ሥራውን በ602 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1206) ጽፎ ጨረሰ። ኪታቡ በስድስት ክፍል 50 መሣሪያዎችን ይዟል። ከእነዚህ ውስጥ 10 ሰዓቶች፣ 10 የእጅ መታጠቢያና የመሰል ዕቃዎች፣ 5 ደግሞ ውኃ ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚስቡ መኪናዎች ናቸው። በዝሆን ቅርጽ የተሠራው የውኃ ሰዓቱ ዝናው እስካሁን አለ፤ በዱባይ ኢብኑ ባጡጣ የገበያ ማዕከል ውስጥ አምሳያው ቆሞ ይታያል።

ለእኛ ቤት የሚቀርበው ግን የእጅ መታጠቢያው ነገር ነው። ጀዘሪ ራሱ እንደተረከው ንጉሡ ውዱእ ሲያደርግ አሽከር ወይም ገረድ በእጁ ላይ ውኃ እንዲያፈስለት አይወድም ነበር። ስለዚህ ያለ ሰው እጅ ውኃ የሚያፈስ ነገር ሥራልኝ አለው። በሸሪዓ በኩል ሰው ለሰው የውዱእ ውኃ ማፍሰሱ ነውር የለበትም፤ ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ በተቡክ ዘመቻ ጊዜ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማፍሰሳቸው በሶሒሕ ሐዲስ የተዘገበ ነው። ንጉሡ ለምን እንደጠላው አልተጻፈልንም። ብቻ አሽከሮች በሞሉበት ቤተ መንግሥት የሌላው ሰው ድካም የከበደው ንጉሥ ከሆነ፣ በእኔ ግምት ይህ ከዝሆኑ ሰዓት የበለጠ ሊወሳለት የሚገባ ነገር ነው።

ጀዘሪም ከመዳብ ቆሞ የሚያስተናግድ ልጅ ሠራ። በቀኝ እጁ ማንቆርቆሪያ፣ በግራው ፎጣ፣ መስተዋትና ማበጠሪያ ይዟል። ውኃው ይወርዳል፤ ሊያልቅ ሲል የግራ እጁ ዝቅ ይልና ፎጣውን ያቀብላል። በሌላው ሥራው ደግሞ ውኃ የሚያፈሰው ጣዎስ (ፒኮክ) ነው። የታጠቡበት ውኃ ከሥር ወዳለው ባዶ ሥፍራ ሲጠራቀም ተንሳፋፊ ዕቃ ከፍ ያደርጋል፤ ያም በር ከፍቶ አንድ ትንሽ ምስል በእጁ የመታጠቢያ ዱቄት ይዞ ብቅ ይላል። ውኃው ሲጨምር ሁለተኛው ተንሳፋፊ ሌላውን ምስል ከነፎጣው ያወጣዋል። እንግዲህ በቤታችን ሮቶ ውስጥ ውኃው ሲሞላ ቧንቧውን የምትዘጋው ኳስ የምትሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ጂን የለበትም፣ ሲሕርም የለበትም፤ ሚዛን፣ ገመድና የውኃ ክብደት ብቻ ነው።

በዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «ሮቦትን የፈጠርን እኛ ነን» ብለው ሲፎክሩ እሰማለሁ። ነገሩን በልኩ መናገር ይሻላል። ጀዘሪ ከመነሻው ብቻውን አልነበረም። በበግዳድ በኸሊፋው መእሙን ዘመን ያደጉት ሦስቱ የሙሳ ልጆች ሙሐመድ፣ አሕመድና ሐሰን እ.ኤ.አ. በ850 ገደማ 100 ያህል መሣሪያዎችን በኪታብ ጽፈው ነበር። እነርሱም ከግሪኮች ወስደዋል። ደግሞም ከጀዘሪ ሥራዎች አንዱ ክፍል ለቤተ መንግሥት የመጠጥ ግብዣ የተሠሩ ዕቃዎችን የያዘ ነው፤ ይህን ደብቆ ማለፍ ታሪክን ማጉደል ነው። የሰውና የእንስሳ ምስል የመሥራቱም ነገር በዑለማዎች ዘንድ የታወቀ ክርክር አለበት። የእርሱ ትልቅነት ያለው በሌላ በኩል ነው፤ በተግባር ያልተፈተነ ዕውቀት እውነትና ሐሰቱ አይለይም ብሎ የሌሎችን ሥራ ሁሉ በእጁ ሠርቶ ይመረምር ነበር። አሠራሩንም ሌላው ሠርቶ እንዲያየው መጠኑንና ሥዕሉን ጨምሮ ጻፈው።

ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወርደውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ «መኪና ግርግር» ያሰኘው የስፌት መኪናው ድምፅ ነው። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች የእግር መርገጫው መመላለስ እንዴት የጎማውን መዞር እንደሚያመጣ ለማንም ማስረዳት ይችላሉ። ጀዘሪ የዚህን ግልባጭ፣ የጎማ መዞርን ወደ መመላለስ የሚለውጠውን ዘዴ ተጠቅሞ ውኃ የሚስብ ፓምፕ ሠርቷል። ለሐረር ሕዝብ ውኃ ይሳብበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በደረቀበት ጊዜ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉ እናቶች ከመዳቡ ልጅ ይልቅ ይህኛውን ይመርጡ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በሐረር ቤት ግን እንግዳ ነደባው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ማስታጠቢያ ይዞ የሚዞረው የቤቱ ታናሽ ልጅ ነው፤ አሊያም ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ። ልጁ ሲያፈስ አደብ ይማራል። ልጅቷስ ምን ትማራለች? እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠየቁ በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር ተናግረዋል፤ ይህን ሐዲስ የማያውቅ ቤት የለንም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ሳዑዲ ዐረቢያ ሶፍያ ለተባለች ሮቦት ዜግነት መስጠቷን አወጀች። ሶፍያን የሠራት ዴቪድ ሐንሰን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን በሶፍትዌሩ ሥራ አዲስ አበባ የሚገኘው አይኮግ ላብስ ተካፍሏል። በ2018 አገራችን ስትመጣ የተወሰነ አካሏ ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶ እንደነበር ተዘግቧል። ከዜግነቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከኅዳር 2013 እስከ መጋቢት 2014፣ ከዚያችው አገር ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተባርረው ተመልሰዋል። ከእነርሱም መካከል በሰው ቤት ሲያበስሉ፣ ሲያጥቡና ልጅ ሲያሳድጉ የኖሩ ብዙ እህቶች ነበሩ። ከሐረርጌም የሄዱ አሉ።

የጀዘሪ ኪታብ አንድ ቅጂ፣ በዚያው በ1206 የተገለበጠው፣ ኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ዶናልድ ሂል የተባለ እንግሊዛዊ በ1974 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ዐረብኛው ደግሞ በ1979 በሐለብ ታተመ። በውስጡ የመዳቡ ልጅ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ በቀለም ተሥሎ ይታያል።