ሊጣል የታተመ ወረቀት

የአየር መንገድ ፖስተር ሲታተም ለትውልድ ታስቦ አልነበረም። በጉዞ ወኪሉ መስኮት ላይ አንድ ወቅት ይከርማል፤ ከዚያም ይነቀልና ሌላ ይተካበታል። ዛሬ ሰብሳቢዎች በጨረታ የሚሻሙባቸው የ1950ዎቹ ፖስተሮች (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከዚህ ዕጣ ያመለጡት ናቸው።

በሰብሳቢዎች ዘንድ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ዴቪድ ክላይን ነው። በ1918 በቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ ተወለደ፤ በ2005 አረፈ። ለአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ በሣለው የኒው ዮርክ ፖስተር ላይ ታይምስ አደባባይ በሕንጻዎቹ አይታወቅም፤ የተሰባበረ የቀለም ብርሃን ብቻ ነው። የከተማዋ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1957 ከስብስቡ ጨመረው።

በፖስተሮቹ ላይ ዓመቱ ብዙውን ጊዜ አይጻፍም። ሰብሳቢ ዘመኑን የሚያነብበው ከአውሮፕላኑ ነው። በቀደምቶቹ ላይ የምትታየው ባለአራት ፕሮፔለሯ ኮንስቴሌሽን ናት፤ በሦስት ቋሚ የጅራት ክንፎቿ ትለያለች። በ1959 ቲ.ደብሊው.ኤ. ጄት ማብረር ሲጀምር ከክላይን ሥዕሎች አንዳንዶቹ አውሮፕላናቸው ተለውጦ ዳግም ታተሙ። ከተማው ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ሰማዩ ግን የሌላ ዘመን! እኔ ባለፕሮፔለሯን እመርጣለሁ፤ ጄቱ በሥዕሉ ውስጥ እንግዳ ይመስለኛል።

ቲ.ደብሊው.ኤ. ለእኛ ባዕድ ስም አይደለም። በታኅሣሥ 1945 የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በሚያዝያ 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከዚሁ ኩባንያ ጋር በገባው ውል ነበር። ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሾመለት በ1971 ነው። አስተማሪው በ2001 ከሰማይ ጠፋ፤ ተማሪው ዛሬም ይበራል። የአስተማሪው ፖስተሮች ግን በየሙዚየሙ አሉ። የእኛዎቹስ? ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው አገራችንን ለዓለም ያስተዋወቁባቸው ፖስተሮች ስንቱ ቤት ተጠቅልለው ይገኙ ይሆን?

ብዙው ወረቀታችን የገባበት ይታወቃል። ጋዜጣውም፣ መጽሔቱም፣ ባለሥዕሉ ወረቀትም በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ የጭቃ ግድግዳ አልብሷል። እናቶቻችንን አልወቅስም፤ ቤት አሙቀውበታል፣ ልጆችም ፊደል ለይተውበታል። የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ የፖስተር ጠጋኞች ያረጀውን ወረቀት ከሸራ ጋር የሚያጣብቁት ያው ከስንዴ በተሠራ ሙጫ ነው። ውኃ ሲነካው ይለቃልና፣ ወረቀቱን ሳይጎዱ መልሰው ሊያላቅቁት ይችላሉ።