የኃይላት ውሕደት

ፊዚክስ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው፣ በአማርኛ ግን እስካሁን የረጋ ስም ያላገኘ ፍለጋ አለ። ጥያቄው አጭር ነው፤ በተፈጥሮ ውስጥ የምናያቸው መሠረታዊ ኃይሎች ጠባያቸው ይህን ያህል ቢለያይም ምንጫቸው አንድ ይሆን? አንድ ነው የሚለውን ግምት በቀመር አስቀምጦ በሙከራ ለማረጋገጥ የሚደረገውን ጥረት እዚህ «የኃይላት ውሕደት» ብዬዋለሁ። ለምን ሌላ ቃል እንዳልመረጥኩ ነገሩ ግልጽ ከሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኃይሎቹ አራት ናቸው፤ አራቱንም አዲስ አበባ ውስጥ ካለው ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ሳይርቁ ማግኘት ይቻላል። የክረምቱን ውኃ ቁልቁል ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ የሚነዳው ስበት ነው። ሁለተኛው፣ ኤሌክትሮማግኔታዊ ኃይል፣ በመብራት መስመሩም በስልኩ ሞገድም ውስጥ አለ፤ አተምን ከአተም አያይዞ ድንጋይን ድንጋይ የሚያደርገውም እሱ ነው። ሦስተኛው ዓይን የማያየው ቦታ ተቀምጧል። በአተም እምብርት የታጨቁት ፕሮቶኖች ሁሉም ፖዘቲቭ ስለሆኑ መገፋፋት ነበረባቸው፤ ሳይበታተኑ ጨምቆ የያዛቸው ጠንካራው የኑክሌር ኃይል ነው።

አራተኛው፣ ደካማው የኑክሌር ኃይል፣ ስሙ የበደለው ይመስለኛል። በወንዙ ዳር የሚበቅለውን ጎመን የምታሳድገው ፀሐይ የምትነደው ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም እየለወጠች ነው። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን መለወጥ አለበት፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ደካማው ኃይል ብቻ ነው። ደካማ በመሆኑም ሥራው አዝጋሚ ነው። ፀሐይ ነዳጇን በአንዴ ሳታነድ 4.6 ቢሊዮን ዓመት የዘለቀችው በእሱ ዝግታ ነው።

እነዚህን አንድ የማድረግ ሥራ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ፍሬን ከዛፍ የሚጥለውና ጨረቃን በምሕዋሯ የሚያዞረው ያው ስበት መሆኑን አሳየ፤ የምድርና የሰማይ ሕግ ያን ጊዜ አንድ ሆነ። ዴንማርካዊው ኦርስቴድ በ1820 ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አየ፤ ፋራዴይ በ1831 የተገላቢጦሹን፣ የሚንቀሳቀስ ማግኔት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አረጋገጠ። ማክስዌል ሁለቱን በ1860ዎቹ በአንድ የቀመር ስብስብ ሲያስራቸው ያልተጠበቀ ትርፍ አገኘ፤ ብርሃንም የዚሁ ኃይል ሞገድ ሆኖ ተገኘ። አንስታይን ስበትን ከኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይል ጋር ለማዋሐድ የመጨረሻዎቹን 30 ዓመታት ያህል ደክሞ፣ ሳይሳካለት በ1955 ሞተ።

የተሳካው ውሕደት የመጣው ማንም ብዙ ባልጠበቀው በኩል ነው። ደካማው ኃይልና ኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይል ምን ያገናኛቸዋል? ኤሌክትሮማግኔታዊው እስከ ከዋክብት ድረስ ይደርሳል፤ ደካማው ከአተም እምብርት እንኳ አይወጣም። ሼልደን ግላሾው በ1961፣ ስቲቨን ዋይንበርግ በ1967፣ ፓኪስታናዊው አብዱስ ሳላም በ1968 ያቀረቡት መልስ ሁለቱ የአንድ ኃይል ሁለት ገጽታዎች ናቸው የሚል ነበር። የለያያቸው ቅዝቃዜ ነው።

መካኒሳ ከሚገኙት ብየዳ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ ይህን የሚመስል ነገር ማየት ይቻላል። ብረት ከ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ማግኔት አይይዘውም፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች በየአቅጣጫው ስለሚዞሩ የትኛውም አቅጣጫ ከሌላው አይበልጥም። ሲቀዘቅዝ እየተደራጁ አንድ አቅጣጫ ይይዛሉ፤ የነበረው እኩልነት ይፈርሳል። ጽንፈ ዓለሙም በልደቱ የመጀመሪያ ቅጽበት፣ ሙቀቱ ከ1,000 ትሪሊዮን ዲግሪ በላይ በነበረበት ጊዜ፣ ሁለቱን ኃይሎች አይለይም ነበር። ሲቀዘቅዝ የደካማው ኃይል ተሸካሚዎች፣ ማለትም ኃይሉን የሚያደርሱት ቅንጣቶች፣ ክብደት አገኙ፤ የኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይል ተሸካሚ የሆነው የብርሃን ቅንጣት፣ ፎቶን፣ ግን ያለ ክብደት ቀረ። ከባድ ተሸካሚ ሩቅ አይደርስም፤ «ደካማ» ያሰኘውም ይኸው ነው። ደብሊውና ዚ የተባሉት እነዚህ ከባድ ተሸካሚዎች በ1983 ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል ተገኙ፤ ክብደታቸው ከፕሮቶን ከ80 ጊዜ በላይ ነው። ክብደትን የሚያብራራው የሂግስ ቅንጣትም እዚያው በ2012 ይፋ ሆነ።

ግላሾው፣ ዋይንበርግና ሳላም በ1979 ኖቤል ተሸለሙ። ሳላም ስቶክሆልም የቀረበው የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ ጥምጥም ጠምጥሞ ነበር። ሰውየው አጥባቂ ሙስሊም ነበር፤ ተፈጥሮ አንድ ናት የሚለውን እምነቱን ከሃይማኖቱ ለይቶ አያየውም ነበር። ዋይንበርግ ደግሞ ሃይማኖት የለሽ ነበር። ሁለቱ ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ቀመር ላይ ደረሱ። ሳላም ለእኛ ሌላም ቅርበት አለው፤ ከድሀ አገር የመጣ ሳይንቲስት ብቸኝነት ምን እንደሚመስል ስለሚያውቅ በ1964 ጣሊያን ትሪየስቴ ውስጥ ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል አቋቋመ። ከአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ተነሥተው ትሪየስቴ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ፊዚሲስቶች ጥቂት አይደሉም። ከሞተ በኋላ ማዕከሉ በስሙ ተጠርቷል።

አሁን ወደ ቃሉ። ለጆሯችን የሚቀርበው «ተዋሕዶ» ነበር፤ ግን ባለቤት አለው። መካኒሳ አቦ ደጃፍ ቆሞ ስለ ተዋሕዶ የሚያወራ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ እንደሚናገር ማን ይጠረጥራል? ከዚህም በላይ ትርጉሙ አይገጥምም። የቤተ ክርስቲያን ተዋሕዶ ያለ ቱሳሔ፣ ማለትም ያለ መቀላቀል ነው፤ በፊዚክሱ ግን ፎቶን ራሱ የሁለት ቀደምት መስኮች ቅይጥ ነው፤ የመቀላቀያው ማዕዘን እንኳ ተለክቶ ከ28 እስከ 29 ዲግሪ ሆኗል። «አንድነት»ን ደግሞ ፖለቲካው አድክሞታል። «ውሕደት»ም ከእንከን አልጸዳም፤ የባንክና የፓርቲ ውሕደት ድሮ የተለያዩት አሁን አንድ ሲሆኑ ነው፤ የኃይሎቹ ታሪክ ግን ድሮ አንድ የነበሩት ሲለያዩ ነው። ቢሆንም ከሦስቱ የተሻለው እሱ ነው። ግላሾውና ጓደኞቹ ያገኙትን የተዋሐደ ኃይል «ኤሌክትሮ-ደካማ» ማለት ይበቃል።

ጠንካራውን ኃይል ጨምሮ ሦስቱን የሚያዋሕደው «ታላቁ ውሕደት» ነው። የመጀመሪያውን ሞዴል ሃዋርድ ጆርጂና ግላሾው በ1974 አቀረቡ። ቀመሩ ያማረ ነበር፤ ዋጋው ግን ፕሮቶን ዘላለማዊ አይደለም ማለት ሆነ። ጃፓን ውስጥ ካሚዮካ በተባለ ቦታ፣ ከተራራ ሥር 50,000 ቶን ንጹሕ ውኃ የያዘ ጋን ከ1996 ጀምሮ የሚፈርስ ፕሮቶን ይጠባበቃል፤ አንድም አላየም። በዚህ የተነሣ የፕሮቶን ዕድሜ 1 ከኋላው 34 ዜሮ ከተጻፈበት የዓመት ቁጥር እንደሚበልጥ ታውቋል፤ የጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ብቻ ነው። የ1974ቱ ሞዴል የፕሮቶንን መፍረስ በሚጠብቁ ሙከራዎች ወደቀ፤ ዘመዶቹ ግን አሉ። እነሱን በቀጥታ መፈተን አይታሰብም፤ የሚያስፈልገው ጉልበት የሰርን የቅንጣት ማፋጠኛ ማሽን ከሚደርስበት አንድ ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣልና።

ጋዜጦች የሚወዱት «የሁሉም ነገር ንድፈ ሐሳብ» ስበትንም ሲጨምር ነው፤ ከታላቁ ውሕደት ጋር መምታታት የለበትም። ስበት ያስቸገረበት ምክንያት አለው። በሃይድሮጅን አተም ውስጥ በፕሮቶንና በኤሌክትሮን መካከል ያለው ስበት ከኤሌክትሪክ መሳሳባቸው 1 ከኋላው 39 ዜሮ በተጻፈበት ቁጥር እጥፍ ያነሰ ነው፤ የሚለካ ነገር አይገኝበትም። የሌሎቹ ሦስት ኃይሎች የኳንተም ስሌት በእሱ ላይ ሲሞከርም ማለቂያ የሌላቸው ቁጥሮች ይወጣሉ። የስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ ይህን ችግር እፈታለሁ ይላል፤ እስካሁን ያረጋገጠለት ሙከራ የለም። ጃፓኖቹ ግን 260,000 ቶን ገደማ የሚይዝ አዲስ ጋን እየሠሩ ነው፤ ፕሮቶን መጠበቁ ይቀጥላል።